አባቴ «ካምቢዮ» ይል ነበር

ስለ ግጥምና ስለ ልቦለድ በምናወጋበት ማዕድ ላይ የዘይት ጠብታ ይዤ በመቅረቤ ይቅርታችሁን አስቀድሜ እለምናለሁ። ነገሩ ግን የዘይት ብቻ አይደለም፤ የቃልም ነው። ትንሽ ታገሡኝ።

የምኖረው ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ነው። ቀን በባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ደግሞ ለራሴ ስንኝ እቆጥራለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈው አባቴ ያወረሰኝ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ፤ ሰዉ «ዲኤክስ» የሚላት፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጠኝ። ባለፈው ክረምት ይህች መኪና ቆማ ባደረችበት ሲሚንቶ ላይ ሳንቲም የምታህል የዘይት ነጠብጣብ ትታ መሄድ ጀመረች። ነጠብጣቧ በሳምንቱ የስኒ ማስቀመጫ አከለች፤ በወሩ ሰፍታ ሰሃን ሆነች።

እንደ ብዙዎቻችን ሁሉ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር እንዳላየ ማለፍ ነበር። ቀጥሎ አከራዬ እንዳይቆጡኝ ከሥሯ ካርቶን አነጠፍሁ። ካርቶኑም ሲርስ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ዘይት ጨምረው ሸኙኝ። በወሩ ተመለስሁ፤ «ኦይል ሲሉ ነው» ብለው ቀየሩት። ኦይል ሲል ማለት ዘንጉ በሚወጣበት አፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ የጎማ ቀለበት ነው። ሁለት ወር ደረቀልኝና ያችው ነጠብጣብ ተመልሳ መጣች።

አንድ ቅዳሜ ለለቅሶ ወደ አጋሮ ሳቀና፣ ዳገቱን ስጀምር ከወንበሬ ሥር ጩኸት ሰማሁ። እንደ ውሻ ማላዘን ያለ፣ ማርሽ በቀየርሁ ቁጥር ቃናውን የሚለውጥ ጩኸት ነበር። ከጅማ እስከ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የቀረውን መንገድ ያለፍሁት ጸሎት እያደረስሁ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለቅሶ ደርሼ፣ እግረ መንገዴን ዘይት ገዝቼ ጨምሬ፣ በማግስቱ ቀስ እያልሁ ተመለስሁ። ሰኞ ከሥራ ስወጣ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ ይሄድባቸው ወደነበሩት አዛውንት መካኒክ ዘንድ አመራሁ።

ጋራዡ ምልክት የለውም። ከመንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ፣ መሬቱ ከዘይት ብዛት የጠቆረ ግቢ ነው። መካኒኩ ከሰባ ዓመት ያለፉ ይመስሉኛል። ልጅ ሳሉ ቁልፍ ያቀብሉት የነበረው ሰው ሙያውን ከጣሊያኖች ጋራዥ የቀሰመ እንደነበር ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እንዳዩኝ አወቁኝ።

«የት ላይ ነው የምታፈሰው ልጄ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አፌ ተያዘ። የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ግጥም እጽፋለሁ፤ ስለ ጤዛ፣ ስለ ጭጋግና ስለ ናፍቆት የሚሆን ቃል አጥቼ አላውቅም። ለገዛ መኪናዬ ሕመም ግን ቃል አጣሁ። «ከታች ነው ጋሼ... ከመካከሉ... ያ ማርሹ ያለበት ሳጥን...» እያልሁ በእጄ አየሩን ስዳብስ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የማይሞላው ረዳታቸው ጎንበስ ብሎ አየና «ካምቢዮው ነው፤ በጭራው በኩል» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ እፍረት ከልጁ ብልጠት የመጣ አልነበረም። አባቴን አስታውሶኝ ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በፊያት ኤንትሬ ሲመላለስ ኖሯል። «ኤንትሬ» የሚለው ስም ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ከመኪናው መጠሪያ ላይ ያለውን «ኤን» እና «ሦስት» በጣሊያንኛ ማንበብ ነው። አባቴ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ቢሆንም ከመኪናው አካል ስሙን የማያውቀው አልነበረም። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቡሎን፣ ዳዶ... በቤታችን እነዚህ ቃላት ከቡናው ጭስ ጋር አብረው ይዞሩ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አንድ ዕረፍት ላይ ከጎረቤት ጋር ሲጫወት «ካምቢዮዋ ተበላ» ሲል ሰማሁት። እኔም የተማርሁት ልጁ ጣልቃ ገብቼ፣ «አባዬ፣ ካምቢዮ እኮ አማርኛ አይደለም፤ የማርሽ ሳጥን ነው የሚባለው» አልሁት። ጎረቤታችን ሳቁ። አባቴ አልተቆጣም፤ «እሺ» ብቻ አለ። ከዚያ ወዲያ ግን እኔ ባለሁበት ስለ መኪና ሲያወራ ቃሉ ጋ ሲደርስ ይቆምና «ያ ነገር» ብሎ ያልፈው ነበር። ሠላሳ ዓመት በእጁ የፈታውንና የገጠመውን ነገር በልጁ ፊት ስም የሌለው አደረገው። የሚያስቀውና የሚያሳዝነው ደግሞ፣ እኔ ንጹሕ አማርኛ መስሎኝ ያቀበልሁት «ማርሽ» ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑ ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኔ በዚያ ጋራዥ ቆሜ የተረዳሁት፣ በሽታውን ለመናገር ቃሉ የሌለውም ከደበቀው እንደማይሻል ነው። ለዚህ ነው ዛሬ አንድ አቋም ይዤ የመጣሁት። እኛ ጸሐፊዎች ነን የምንል ሰዎች የጋራዡን አማርኛ ንቀናል፤ መናቃችንም ቋንቋችንን አላጠራውም፤ ከፊል ሕዝባችንን ነው ከጽሑፋችን ያስወጣው።

ወደ ጥገናው ልመለስ፤ ነገሬን የሚያስረዳልኝ እርሱ ነውና።

አዛውንቱ ምንም ከመፍታታቸው በፊት የመኪናዋን ሆድ በናፍጣ አሳጥበው አስደረቁት። «እርጥብ የሆነው ሁሉ ያፈሰሰ እንዳይመስልህ» አሉኝ። ዘይት ከላይ ወጥቶ በአካሉ ላይ ይወርዳል፤ መኪናዋ ስትሄድም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታዋ የምትንጠለጠልበት ቦታ ሁልጊዜ ምንጩ አይደለም። ከታጠበ በኋላ ጥቂት ነድተናት ተመለስንና ልጁ በባትሪ እያበራ መጀመሪያ የረጠበውን ቦታ ፈለገ። ዘይቱንም በጣቱ አሽቶ አሸተተው፤ የሞተር ዘይት ቀጠን ብሎ ይጠቁራል፣ የካምቢዮ ዘይት ግን ወፈር ያለና የድኝ ሽታ ያለው ነውና ከሽታው ይለያል።

ከዚያ የማልረሳው ነገር መጣ። ልጁ የታችኛውን መዝጊያ ፈትቶ ዘይቱን ሊያወርድ ሲል አዛውንቱ እጁን ያዙት። «መጀመሪያ የመሙያውን ፍታ!» መሙያው ዝጎ አልፈታ ቢል፣ ዘይቱን አውርደህ ባዶዋን አቁመህ መግቢያ ታጣለታለህ። መመለሻውን ሳታረጋግጥ አታውርድ ማለታቸው ነው።

ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ ቡሎኖቹን በ14 ቁልፍ ፈትተው ሳቡት። ከመፍታታቸው በፊት ግን በቦታው እንዲመለስ በሁለቱም በኩል በነጭ ቀለም ምልክት አደረጉበት። አሮጌውን ኦይል ሲል በካቻቢቴ ጫና እያደረጉ፣ ቤቱን ሳይጭሩ አወጡት። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት አለመበላቱን ወዝውዘው አዩ፤ እርሱ ከተበላ ዘንጉ ስለሚዋልል አዲሱም ኦይል ሲል ቶሎ ያረጃልና። ቀለበቱ ደኅና ነበር። «ታዲያ ለምን በሁለት ወር አፈሰሰ?» አልሁ።

አዛውንቱ መልስ ሳይሰጡ እጃቸውን ወደ ካምቢዮው አናት ሰደው ጥቂት ዳበሱና፣ በደረቀ ቀይ ጭቃ የተደፈነች ጣት የማታህል ነገር አሳዩኝ። «መተንፈሻዋ ተዘግቷል።»

ካምቢዮ ሲሠራ ይሞቃል፤ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። ያ አየር የሚወጣበት ትንሽ መተንፈሻ ተሠርቶለታል። መተንፈሻው ሲዘጋ ግፊቱ መውጫ ያጣና ዘይቱን በደካማው በኩል፣ በኦይል ሲሉ ከንፈር ገፍቶ ያስወጣዋል። ጥፋቱ ኦይል ሲሉ ላይ ታየ እንጂ ከእርሱ አልተነሣም። ያ የመጀመሪያው ጋራዥ መቶ ጊዜ ቢቀይረው መቶ ጊዜ ያፈስስ ነበር።

መተንፈሻውን አጸዱ፤ አዲሱን ኦይል ሲል ከንፈሩን ቅባት ቀብተው፣ በእንጨት ላይ በእኩል እየመቱ አስገቡት። ዘይቱን መኪናዋ በደልዳላ ስፍራ ቆማ ከመሙያው አፍ እስኪደርስ ሞሉት። ሁሉም ከሦስት ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ነበር።

እኔ ግን በእነዚያ ሦስት ሰዓታት የሰማሁትን ቋንቋ ልንገራችሁ። አዛውንቱ «ካምቢዮ» እና «ጓርኒሲዮን» ይላሉ፤ ጣሊያንኛ ነው። ልጁ ለመለዋወጫው «ኦይል ሲል» ይላል፤ እንግሊዝኛ ነው። ለአየር መውጫዋ ግን ሁለቱም «መተንፈሻ» አሉ፤ ከዚህ የጠራ አማርኛ ከየት ይመጣል? ልጁ ከጓደኛው ጋር በአፋን ኦሮሞ ሲነጋገርም ካምቢዮ ያው ካምቢዮ ነው። እዚሁ ኪቶ ፉርዲሳ ከሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች ደግሞ «ትራንስሚሽን» ሲሉ፣ አስተርጓሚያቸው ያው ልጅ ነው። በአንድ ጠባብ ግቢ አራት ቋንቋ ተስማምቶ ይሠራል፤ ሥራውም አይስተጓጎልም።

አንድ የማከብረው ወዳጄ ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «እነዚህ ቃላት የወራሪ ቅሪት ናቸው» አለኝ። እውነት ነው፣ ታሪካቸው ንጹሕ አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በያዘችባቸው ዓመታት ጅማን የአንዱ ትልቅ አስተዳደሯ መቀመጫ አድርጋት ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማም መኪና የሚያልፍበት መንገድ አሠርታለች። መንገዱ የተዘረጋው ለእኛ ደኅንነት ታስቦ አልነበረም፤ ወታደርና ጭነት እንዲያደርስ ነበር። የጋራዡ ቃላት ብዙዎቹ ከዚያ ዘመንና ከዚያ በኋላ እዚህ ከቀሩ ጣሊያናውያን እጅ መጥተዋል።

ነገር ግን ወራሪው ሄደ፤ መኪናው ቀረ። መኪናው በተበላሸ ቁጥር ከሥሩ የገባው የእኛ ሰው ነው፤ ቃሉን ዘጠና ዓመት ያህል ሕያው አድርጎ ያቆየው የእኛ ሰው አፍ ነው። ሲያቆየውም እንዳለ አልተወውም፤ «ካምቢዮዋ» ብሎ አንስታይ አደረጋት፣ «ጎሚስታዎች» ብሎ በአማርኛ አበዛቸው፣ «ፍሬን የበጠሰ» ብሎ ልጓም ላጣ ሰው ሰደበበት። በአንድ ቋንቋ ሰዋስው የሚገዛና ለተረብ የበቃ ቃል እንግድነቱ አብቅቷል።

ወዳጄን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ «የምትሠራው የት ነው?» «ባንክ» አለኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ ነውና። «ባንክ» የሚለው ቃል ሥሩ የጣሊያን ገንዘብ ለዋጮች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወይም ጠረጴዛ ነው። ያን ዕለት ከሥራ ወጥተን የጠጣነው ማኪያቶ ነበር። የቡና አገር ልጆች ሆነን፣ የገዛ ቡናችንን በጣሊያን ስም አዝዘን ስንጠጣ ሁለታችንም አላፈርንም። በየአጭር ልቦለዱ ፍቅረኞች ማኪያቶ እየጠጡ ሲለያዩ አንብበናል፤ ደራሲው ለምን «ነጠብጣብ ያለበት ቡና» አላለም ብሎ የከሰሰ የለም። ታዲያ ማኪያቶ በክብር ሲገባ ካምቢዮ በር ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው? መልሱን የምፈራው ይመስለኛል። ማኪያቶ የምንጠጣው እኛ ስለሆንን ነው፤ ካምቢዮ የሚፈታው ግን እጁ የጠቆረ ሰው ነው። ንቀታችን ለቃሉ ሳይሆን ለእጁ ነው።

ስለዚሁ ቃል አንድ ነገር ልጨምር። ካምቢዮ በጣሊያንኛ «ለውጥ»፣ «ልውውጥ» ማለት ነው። የመኪናው ማርሽ መለወጫም፣ የገንዘብ ምንዛሪም በዚያው ቃል ይጠራሉ። ይህን ባወቅሁ ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቀጥሎም ከፋኝ። እኔ በባንኩ የውጭ ምንዛሪ መስኮት ስቀመጥ፣ አባቴ በኤንትሬው ካምቢዮ ላይ እጁን አሳርፎ ሲነዳ፣ የሁለታችንም እንጀራ አንድ ስም ነበረው። ያረምሁት ቃል እኔንም የሚጠራኝ ነበር። ይህን ልነግረው ብፈልግ ዛሬ የለም።

የጋራዥ ቃል ለግጥም አይሆንም ለሚሉኝ አንድ ምስክር አለኝ። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ ምሩፅ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ፣ በመጨረሻው ዙር የሚተኮስበትን ፍጥነት ሕዝባችን በሁለት ቃል አስቀረው፤ «ማርሽ ቀያሪው» አለው። ዕድሜ ልኩን፣ ካረፈም በኋላ የተጠራበት ስም ይህ ነው። ከመካከላችን ማንኛችን ነን ስለ ምሩፅ ከዚህ የሚበልጥ ስንኝ የጻፍነው? ያን ስም ያወጣው ሰው ከማርሽና ከካምቢዮ ጋር የሚኖር፣ ዳገት ላይ የማርሽን ለውጥ በሰውነቱ የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

አሁን ደግሞ ጊዜው እያጠረ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በጅማም ጎዳና ድምፅ የማያሰሙ የኤሌክትሪክ መኪኖች መታየት ጀምረዋል። ለአየሩም ለነዳጅ ወጪውም ደግ ነገር ነው፤ አልቃወምም። በእነዚህ መኪኖች ግን በአብዛኛው ፍሪሲዮን የለም፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ የለም፣ አባቴ የሚያውቀው ዓይነት ካምቢዮ የለም። ዕቃው ሲሄድ ቃሉ ይከተለዋል። ነገ ልጆቻችን «ማርሽ ቀያሪው» የሚለውን ሲያነቡ ምን ማለት ነው ብለው ይጠይቁናል፤ ያን ጊዜ የሚያስረዳ አንድ ልቦለድ፣ አንድ ግጥም፣ አንድ የቃላት መድበል ከሌለን ምን እንመልሳለን?

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ባለሙያዎች ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት የአማርኛ አቻ ለመፈለግ የደከሙትን ድካም አከብራለሁ፤ ለአዲስ ነገር አዲስ ቃል መፍጠር ይገባል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስም ያለውን ነገር ስም እንደሌለው አንቁጠረው። ገጸ ባሕርያችን መካኒክ ከሆነ እንደ መካኒክ ይናገር፤ ሹፌር ከሆነ «የማርሽ ሳጥን» አናስብለው። እያንዳንዳችን በአካባቢያችን ወዳለ አንድ ጋራዥ፣ አንድ ጎሚስታ፣ አንድ ቡና መፈልፈያ እንሂድና የምንሰማውን ቃል ከነትርጉሙ በደብተር እንጻፍ። እኔ ጀምሬያለሁ፤ ደብተሬ ላይ እስከ አሁን 63 ቃላት አሉ። አዛውንቱ ቃል በነገሩኝ ቁጥር «ይህንንማ አባትህ ያውቀው ነበር» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ።

መኪናዋ ከተሠራች አራተኛ ወሯን ይዛለች። ካርቶኑን ከሥሯ ሳላነሣ ቆየሁ፤ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ፤ ደረቅ ነው። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ የጻፍኋትን ሁለት መስመር እነሆ፤ ከአባቴ በቀር ለማንም አልተጻፈችም፤

ዘይቱ ሲያልቅበት ካምቢዮ ይጮሃል፣
ስሙ ሲጠፋበት ሰው ዝም ብሎ ያልቃል።